የአንዲት ደሳሳ የሳንቃ ቤት ታሪካዊ ክብር



ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን በዓል ለማክበር በምንሰናዳበት በዚህ ዓመት፥ ከወጥ ቤቱ በስተ ኋላ ስላለችው አሮጌ የሳንቃ ቤት በእኛ በተማሪዎች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ይህች ቤት ቆርቆሮዋ የዛገ፥ ሳንቃዋም ፀሐይና ዝናም የተፈራረቀበት ነው። በውስጧ የተሰበሩ አግዳሚ ወንበሮች፥ ባዶ የቀለም ጣሳዎችና የአትክልት መኮትኮቻዎች ይቀመጡባታል። «እንግዶች መጥተው ሲያዩዋት እናፍራለን፤ ትፍረስና በቦታዋ አበባ ይተከል» የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። እውነቱን ለመናገር፥ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስብሰባ ላይ ትፍረስ ብለው እጃቸውን ካነሡት አንዱ እኔ ነበርሁ።

በማግሥቱ የፊዚክስ አስተማሪያችን ወደ ክፍል ሲገቡ አንድ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ስለ ክርክሩ ምንም ሳይናገሩ ፎቶግራፉን እያዞሩ አሳዩንና «ይህ የምን ቤት ይመስላችኋል?» ሲሉ ጠየቁን። አንዱ የፈረስ ጋጣ ነው አለ፤ ሌላው የዶሮ ቤት ነው አለ፤ እኔ ደግሞ የከሰል መጋዘን ነው ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ራዲየም የተባለው ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣርቶ የወጣው በዚህች ቤት ውስጥ ነው» ብለው ነገሩን። ከዚያም የከሰል መጋዘን ያልሁት እኔ የቤቲቱን ታሪክ አጥንቼ ለዚህ መጽሔት እንድጽፍ አዘዙኝ። እነሆ፥ የታዘዝሁትን አቅሜ በፈቀደ መጠን አቀርባለሁ። ሌላ ካልገለጽሁ በቀር ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቤቲቱ የነበረችው በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ፥ ሎሞንድ በሚባለው መንገድ ላይ፥ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱን የፓሪስ ከተማ በ1882 ያቋቋመው ለኢንዱስትሪ የሚያገለግሉ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነበር። የሳንቃዋ ቤት ከዋናዎቹ ክፍሎች ተለይታ ከግቢው ማዶ የቆመች ነበረች። ቀደም ባለው ጊዜ የሕክምና ተማሪዎች የሰው ሬሳ እየከፈቱ የሚማሩባት ክፍል ሆና አገልግላለች፤ ኋላ ግን ለዚያ እንኳ አትመችም ተብላ ተተወች። ግድግዳዋ ሳንቃ፥ መሬቷ ሬንጅ የፈሰሰበት፥ ጣራዋም መስተዋት ነበረ። መስተዋቱ የተሰነጣጠቀ ስለ ነበረ ዝናም ያስገባል። የቤቱ ዕቃ ቢቈጠር ጥቂት ያረጁ የእንጨት ጠረጴዛዎች፥ አንድ የብረት ምድጃና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው። በበጋ ፀሐይ በመስተዋቱ ውስጥ እየገባች ቤቱን እንደ እቶን ታግለዋለች፤ በክረምት ደግሞ ምድጃው የሚያሞቀው አጠገቡ የቆመውን ሰው ብቻ ነው።

በዚህች ቤት የሠሩት ባልና ሚስት ማን እንደ ነበሩ በአጭሩ ልናገር። ሙሴ ፒየር ኩሪ በ1859 ፓሪስ ውስጥ የተወለዱ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆኑ፥ ያ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ እዚያ ይሠሩና ያስተምሩ ነበር። ገና ወጣት ሳሉ በ1880 ከወንድማቸው ከዣክ ጋር ሆነው፥ አንዳንድ ማዕድን ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ ደርሰውበታል። ማዳም ማሪ ኩሪ ደግሞ በ1867 በዋርሶ ከተማ ተወለዱ። በዚያን ጊዜ ፖላንድ የምትባለው አገር በሦስት መንግሥታት ተከፋፍላ ከካርታ ላይ ስሟ ጠፍቶ ነበር፤ ዋርሶም በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። በዚያ ለሴት ልጅ የዩኒቨርሲቲ በር ዝግ ስለ ሆነ፥ ማሪ በሰው ቤት ልጆች እያስተማሩ ባገኙት ገንዘብ አስቀድመው እኅታቸውን በፓሪስ ሕክምና እንድትማር ረዱ። በ1891 ራሳቸው ወደ ፓሪስ ሄዱ። በ1893 የፊዚክስን ፈተና አንደኛ ሆነው፥ በ1894 የሒሳብን ፈተና ሁለተኛ ሆነው አለፉ። በ1895 ከሙሴ ኩሪ ጋር ተጋቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በ1895 መጨረሻ ሮንትገን የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ ሥጋን ዐልፎ አጥንትን የሚያሳየውን ጨረር አገኙ። በተከታዩ ዓመት ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤክሬል ዩራኒየም ያለበትን ጨው በጥቁር ወረቀት በተጠቀለለ የፎቶግራፍ መስተዋት ላይ አድርገው ፀሐይ ላይ ለማስጣት ቢፈልጉ ሰማዩ ደመና ሆነባቸው፤ ስለዚህ ሁሉንም በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ከጥቂት ቀን በኋላ መስተዋቱን ቢያጥቡት፥ ፀሐይ ሳይነካው የጨዉ መልክ ታትሞበት ተገኘ። ዩራኒየም ከራሱ የሚወጣ ጨረር እንዳለው የታወቀው በዚህ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቤክሬል ያንን መስተዋት ያጠቡበት ቀን ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ይህም በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት፥ አባቶቻችን በዐድዋ ተራሮች ላይ ድል ያደረጉበት ዕለት ነው። በአንዲት እሑድ በአንዱ አገር የአንድ ሕዝብ ነፃነት ሲረጋገጥ፥ በሌላው አገር የአዲስ ዕውቀት በር ተከፈተ። ሁለቱን ነገር ያገናኘው ቀኑ ብቻ ቢሆንም፥ ቀኑን ሳስብ ታሪክ የሚባለው የሩቅ ሰዎች ብቻ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

ማዳም ኩሪ ለዶክትርና ማዕርግ የሚያጠኑት ነገር ሲፈልጉ ይህን የቤክሬልን ጨረር መረጡ። ባለቤታቸውና የባለቤታቸው ወንድም በሠሩት መሣሪያ እየለኩ የተለያየ ማዕድን ሲመረምሩ፥ ፒችብሌንድ የተባለው ጥቁር ድንጋይ በውስጡ ካለው ዩራኒየም ሊወጣ ከሚገባው ጨረር ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጨረር ሲሰጥ አገኙት። መሣሪያው ተሳስቶ እንዳይሆን ደጋግመው ለኩ፤ ውጤቱ ግን ያው ሆነ። እንግዲያው በድንጋዩ ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ማንም የማያውቀው ሌላ ንጥረ ነገር ተሰውሯል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሙሴ ኩሪ የራሳቸውን ምርምር ትተው ከሚስታቸው ጋር ተባበሩ። በ1898 በሐምሌ ወር አንድ አዲስ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አስታወቁና ፖሎኒየም ብለው ጠሩት፤ ይህም ስሟ ከካርታ ላይ ለጠፋው ለማዳም ኩሪ አገር መታሰቢያ ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሁለተኛውን አስታወቁ፤ እርሱንም ራዲየም አሉት።

ብዙ ሰው ራዲየም በሳንቃዋ ቤት ውስጥ ተገኘ ሲል ይሰማል። ነገሩን ለይቶ መናገር ግን የታሪክ ጸሓፊ ግዴታ ነው። የ1898 ግኝት የተደረገው በዚያው ትምህርት ቤት በምድር ቤት በነበረች፥ ዕቃና መሣሪያ በሚቀመጥባት አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። በሳንቃዋ ቤት የተደረገው ከዚህ የሚከብደው ሥራ ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት፥ «ንጥረ ነገሩን አይተነው፥ ዳስሰነው፥ መዝነነው ካልሆነ አናምንም» ይሉ ነበር። ኩሪዎቹ ያገኙት ግን ገና ምልክቱን እንጂ ራሱን አልነበረም። ስለዚህ ራዲየምን ከድንጋዩ ውስጥ አንጥሮ ማውጣት አስፈለገ፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ ብዙ ድንጋይና ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል።

ድንጋዩ የሚቈፈረው ያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት ውስጥ በነበረችው በቦሄሚያ፥ ዮአኪምስታል በሚባል ስፍራ ነበር፤ ቦታው ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ ነው። ዩራኒየሙ ለመስተዋት ማቅለሚያ ይፈለግ ስለ ነበረ ድንጋዩ ዋጋው ውድ ነበር። ኩሪዎቹ ግን፥ ዩራኒየሙ ከወጣ በኋላ የሚጣለው ዝቃጭ ራዲየሙን እንደ ያዘ መቅረት አለበት ብለው አሰቡ። አሳባቸው ትክክል ነበር። በቪዬና የነበሩ ሊቃውንት ስለ ረዷቸው የኦስትሪያ መንግሥት አንድ ቶን ዝቃጭ ሰጣቸው። አንድ ቀን እንደ ከሰል ጋሪ ያለ ትልቅ ጋሪ በትምህርት ቤቱ በር ቆመና ጆንያዎች አወረደ። ማዳም ኩሪ መታገሥ አቅቷቸው አንዱን ጆንያ ቢፈቱት፥ ከጥድ ቅጠል ጋር የተቀላቀለ ቡናማ አፈር ሆኖ ተገኘ፤ ዝቃጩ በጥድ ደን ውስጥ ተጥሎ የኖረ ነበርና ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ቦታ ቢለምኑ ያገኙት ያችን የተተወች የሳንቃ ቤት ብቻ ሆነ። ቤቲቱ መርዘኛውን ጢስ የሚያወጣ ጢስ ማውጫ ስላልነበራት፥ ማፍላቱንና መለየቱን የሚሠሩት ውጪ በግቢው ውስጥ ነበር። ዝናም ሲመጣ ዕቃውን ሁሉ ተሸክመው ወደ ውስጥ ይገቡና መስኮቶቹን ከፍተው ይቀጥላሉ። ማዳም ኩሪ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ኪሎ የሚደርስ ዝቃጭ በትልቅ ድስት እያፈሉ ቁመታቸውን በሚያህል የብረት ዘንግ ቀኑን ሙሉ ያማስሉ ነበር። ሲመሽ ከድካም የተነሣ መቆም ያቅታቸው ነበር። ባለቤታቸው ደግሞ በቤቱ ውስጥ የጨረሩን ጠባይ በጥቃቅን መሣሪያዎች ይመረምራሉ። ከትምህርት ቤቱ ሠራተኞች አንዱ ከሥራው ሲለቀቅ እየመጣ ይረዳቸው ነበር። ኋላም የመጀመሪያውን ከባድ ሥራ አንድ ፋብሪካ ስለ ተቀበላቸው ሸክሙ ጥቂት ቀለለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለቱም ለኑሯቸው ያስተምሩ ነበር፤ በቤትም ሕፃን ልጅ ነበረቻቸው።

የማጣራቱ ሥራ እንዴት እንደ ነበረ ለታናናሽ ተማሪዎች በምሳሌ ላስረዳ። በወለጋ ወንዞች ዳር ወርቅ የሚያጥብ ሰው አሸዋውን በውሃ እያንገዋለለ ቀላሉን ይጥላል፤ ከባዱን ያስቀራል። ራዲየም ግን በዐይን አይለይም። ባሪየም ከሚባል ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር እንደ መንታ ተመሳስሎ ተደባልቋል። ስለዚህ ሁለቱን በውሃ አሟሙቶ ጨው እንደሚረጋ ማርጋት ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያ የሚረጋው ክፍል ከቀረው ይልቅ ጥቂት ራዲየም ይበዛበታል። ያን የረጋውን ለይቶ እንደ ገና ማሟሟት፥ እንደ ገናም ማርጋት፥ እንደዚሁ ብዙ ጊዜ መደጋገም ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያገኝም። በዚህ መካከል ከጣራው የሚነጠበው ዝናምና ከምድጃው የሚበነው የከሰል ትቢያ በሳሕኖቹ ላይ እየወረደ የሳምንት ድካም ያበላሽ ነበር።

በ1902፥ ማለት ራዲየም መኖሩ ከተነገረ ከአራተኛው ዓመት በፊት፥ ማዳም ኩሪ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ የሚሆን ንጹሕ የራዲየም ጨው በእጃቸው ያዙ። የአቶሙንም ክብደት መዝነው 225 አሉ፤ ዛሬ የሚታወቀው 226 ነው። በዚያች በምታንጠባጥብ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ስሕተቱ ይህን ያህል ማነሱን ስናይ የሠራተኞቹን ጥንቃቄ እናደንቃለን። የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ማለት በጥፍር ላይ የሚያዝ ቅንጣት ነው። ለዚህች ቅንጣት በብዙ ቶን የሚቈጠር አፈር ተፈልቷል።

ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ከእራት በኋላ ወደ ቤቲቱ ተመልሰው ይሄዱ ነበር። መብራት ሳያበሩ በጨለማ ሲቆሙ፥ በየጠረጴዛውና በየመደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ሰማያዊ ብርሃን እየሰጡ ሲያበሩ ይታያሉ። ማዳም ኩሪ በኋላ ዘመን ይህን ሲያስታውሱ፥ ከሕይወታቸው ዘመን የተሻለውና ደስ ያሰኘው በዚያች ምስኪን ቤት ያለፈው መሆኑን ጽፈዋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ጥቂት አሰብሁ። ሰው ደስታውን የሚያገኘው በቤቱ ውበት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች በፓሪስ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይልቅ ያዘኑ በሆኑ ነበር።

ስሟ የታወቀው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ቪልሄልም ኦስትቫልድ ራዲየም የተሠራበትን ስፍራ ለማየት ፓሪስ በመጡ ጊዜ ኩሪዎቹ አልነበሩም። ቤቲቱን ግን ለምነው አዩዋት። ኋላ ሲናገሩ፥ የፈረስ ጋጣና የድንች ማከማቻ ተደባልቆ የተሠራ እንደ መሰላቸው፥ በጠረጴዛው ላይ የኬሚስትሪውን ዕቃ ባያዩ ኖሮ የተቀለደባቸው መስሏቸው እንደ ነበረ ገልጸዋል። እንግዲህ ጋጣ ያለው የክፍል ጓደኛዬ ከታላቅ ሊቅ ጋር ተስማምቷልና ሊያፍር አይገባውም። በ1903 ማዳም ኩሪ የዶክትርና ማዕርጋቸውን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ከባለቤታቸውና ከቤክሬል ጋር የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት አገኙ፤ ይህን ሽልማት ለማግኘትም ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። በ1911 ደግሞ ለብቻቸው የኬሚስትሪውን ሽልማት ወሰዱ። ራዲየም የሚወጣበትን ዘዴ በስማቸው አስመዝግበው ገንዘብ መሰብሰብ ሲችሉ፥ ባልና ሚስቱ ተማክረው ዕውቀቱ የሰው ልጅ ሁሉ ነው ብለው ለጠየቃቸው ሁሉ በነፃ ሰጡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአንዲት ደሳሳ ቤት ታሪካዊ ክብር ምንድን ነው? ብለን እንጠይቅ። እኔ በሦስት ከፍዬ አየዋለሁ።

መጀመሪያ፥ ቤቲቱ ምስክር ናት። መጻሕፍት «በብዙ ድካም ራዲየምን አወጡ» ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። የሳንቃዋን ቤት፥ የሬንጁን መሬትና የሚያፈሰውን ጣራ ስናይ ግን ድካም የሚለው ቃል ሥጋ ይለብሳል። ነገሥታት ያሠሩት ግንብ የነገሥታቱን ኀይል ይነግረናል፤ እንዲህ ያለው ቤት ግን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ይነግረናል። ለእኛ ለተማሪዎች ይልቁንም የሚጠቅመን ይህ ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛ፥ ቤቲቱ ከሳሽ ናት። ይህን የምለው አንዳንድ ሰዎች የኩሪዎችን ድህነት እንደ ጌጥ አድርገው ስለሚያወሩት ነው። እኔም በመጀመሪያ እንደዚሁ ልጽፍ ጀምሬ ነበር፤ አስተማሪዬ ግን ጽሑፌን አይተው «እነርሱ ያን ቤት መርጠውት ነበርን?» ብለው ጠየቁኝ። አልመረጡትም። ቦታ ለምነው አጥተው ነው። የተሻለ ቤት ቢያገኙ ኖሮ ሥራው ቶሎ ባለቀ፥ ጤናቸውም ባልተጐዳ ነበር። ለሙሴ ኩሪ መንግሥት የክብር ኒሻን ሊሰጣቸው በፈለገ ጊዜ፥ የሚያስፈልጋቸው ኒሻን ሳይሆን የሙከራ ቤት መሆኑን ነግረው እንቢ አሉ። ኒሻን ለመስጠት የተዘረጋ እጅ ሳንቃ ለመጠገን አልተዘረጋም። በኤፕሪል 19 ቀን 1906 ሙሴ ኩሪ በፓሪስ መንገድ ላይ በፈረስ ጋሪ ተገጭተው ሲሞቱ፥ የተመኙትን የሙከራ ቤት ሳያገኙ ነበር። የራዲየም ኢንስቲትዩት የተባለው መልካም ሕንፃ ተሠርቶ ያለቀው በ1914 ነው፤ እርሱም ለሚስታቸው እንጂ ለእርሳቸው አልደረሰም። ስለዚህ ያችን ቤት ስናከብር ችግሩን ማክበር የለብንም፤ በችግሩ ውስጥ የተሠራውን ሥራ እናክብር፤ ችግሩንም ለማስወገድ እንማርባት።

ሦስተኛ፥ ቤቲቱ አስጠንቃቂ ናት። ያ በጨለማ የሚያበራው ውብ ብርሃን አደገኛ ነበር። ሙሴ ኩሪ ሆን ብለው ራዲየምን በክንዳቸው ላይ አድርገው እንደ እሳት ሲያቃጥል አይተዋል። ሐኪሞች ጨረሩ የነቀርሳን እብጠት ለማጥፋት እንደሚጠቅም የተረዱት ከዚህ ዐይነት ሙከራ ተነሥተው ነው። ዛሬ በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በጨረር የሚታከሙ ሕመምተኞች አሉ፤ መሣሪያው ቢለወጥም የሕክምናው ሐረግ ቢመዘዝ ከዚያች ቤት ይደርሳል። ነገር ግን ጉዳቱ እስኪታወቅ ብዙ ሰው ተጐዳ። በ1920ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የሰዓት ፊት በራዲየም ቀለም የሚቀቡ ወጣት ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ሲሠሩ መንጋጋቸው እየተበላ ሞተዋል። ማዳም ኩሪም በ1934 ያረፉት በደም ማነስ በሽታ ሲሆን፥ ምክንያቱ ዘመናቸውን ሙሉ የተቀበሉት ጨረር እንደ ሆነ ይታመናል። የሥራ ደብተሮቻቸው ዛሬም ጨረር ስላላቸው በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በእርሳስ ሣጥን ይጠበቃሉ። የራዲየም ኀይል በግማሽ ለመቀነስ 1600 ዓመት ያህል ይፈጅበታልና።

የቤቲቱ መጨረሻስ ምን ሆነ? ፈረሰች። ከመፍረሷ በፊት ማዳም ኩሪ ብቻቸውን ሊሰናበቷት ሄደው ነበር። በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የሟቹ ባለቤታቸው የእጅ ጽሕፈት ገና ሳይጠፋ አገኙት። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፥ ጠመኔው ያን ያህል ዘመን ሲቆይ ሳንቃው አለመቆየቱ አሳዘነኝ። ዛሬ በትምህርት ቤቱ ግንብ ላይ የግኝቱ መታሰቢያ ጽሑፍ አለ፤ ቤቲቱን ግን የምናውቃት በፎቶግራፍና እዚያ የነበሩ ሰዎች በጻፉት ነው። በ1914 የተሠራው የማዳም ኩሪ ቢሮና የሙከራ ክፍል ከጨረሩ ብክለት ተጠርጎ ሙዚየም ሆኗል። በ1995 ደግሞ የሁለቱ አስከሬን ፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎቿን ወደምታሳርፍበት ወደ ፓንቴዮን ተዛወረ። መንግሥት ዕብነ በረድ ሰጣቸው፤ ሳንቃው ግን አልተመለሰም።

ትናንሽ ቤቶች ሁሉ ግን እንዲህ አልጠፉም። የእንጦጦን ተራራ የወጣ ሰው ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ የተቀመጡባቸውን ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ቤቶች ያያል። ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ለለመደ ዐይን አነስተኛ ናቸው። ነገር ግን አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የነበረውን ኑሮ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ የሚያስረዱት እነርሱ ናቸው። በውስጣቸው የቆመ ልጅ ወደ ዐድዋ የዘመቱት ንጉሥ በምን ዐይነት ጣራ ሥር እንደ ኖሩ በዐይኑ ያያል።

አሮጌ ቤት ሁሉ ይጠበቅ ማለቴ አይደለም። ያ ከሆነ ለአዲስ ሥራ ቦታ አይኖርም፤ የምንቀመጥበትም ክፍል ባልተሠራ ነበር። የምለው፥ ከማፍረስ በፊት መጠየቅ ይገባል ነው። የቤትን ዋጋ በመልኩ የሚፈርድ ሰው እኔ እንደ ተሳሳትሁ ይሳሳታል። በዚያች ቤት ደጃፍ በየቀኑ ያለፉ የፓሪስ ሰዎች ምን ያህል ይሆኑ? ከእነርሱ ብዙዎቹ የከሰል መጋዘን ነው ብለው ሳይዞሩ ዐልፈዋል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልመለስ። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ወደ እኛዋ የሳንቃ ቤት ሄጄ ነበር። የግቢያችን አረጋዊ ዘበኛ ቁልፉን ይዘው መጡና በሩን ከፈቱልኝ። «አባባ፥ ይህች ቤት ዱሮ ምን ነበረች?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ የድንጋዩ ሕንፃ ሳይሠራ ትምህርት ቤቱ ይህች ብቻ ነበረች፤ እኔም ፊደል የቈጠርሁት እዚህ ነው» አሉኝ። ከዚያም ጣሳዎቹን በእጃቸው ገፋ አድርገው ሳንቃውን አሳዩኝ። በቢላዋ የተቀረጹ ስሞች ነበሩ፤ ስድስቱን ማንበብ ቻልሁ። ከስሞቹ አንዱን በጣታቸው ዳስሰው «ይህ እኔ ነኝ፤ ስለዚህም ተገርፌበታለሁ» ብለው ሣቁ። አምስት ዓመት በዚህ ግቢ ስማር፥ ጧት በር የሚከፍቱልኝ ሰው ከትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ተማሪዎች አንዱ መሆናቸውን አላወቅሁም ነበር።

በዚህች ቤት ራዲየም አልወጣም፤ ይህን ዐውቃለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሀ ሁ ያሉባት ቤት ለዚህ ትምህርት ቤት ከዚህ የሚበልጥ ምን ታሪክ አለው? ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፥ እናንተም ጓደኞቼ፥ የምለምናችሁ ይህን ነው። ቤቲቱ ልትጠገን የምትችል ከሆነ ጣራዋ ይለወጥላትና ከበዓሉ ቀን ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ታሪክ የሚታይባት ክፍል ትሁን። መጠገኗ የማይቻል ከሆነ ደግሞ፥ ከመፍረሷ በፊት ርዝመትና ስፋቷ ይለካ፤ ፎቶግራፍ ትነሣ፤ ስሞቹ ይገልበጡ፤ የተቀረጸበትም ሳንቃ ተነቅሎ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። ከሁሉ በፊት ግን በሕይወት ያሉት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ተጠይቀው ቃላቸው ይጻፍ። ሳንቃ ቢበሰብስ በሌላ ሳንቃ ይተካል፤ ያየ ሰው ካለፈ በኋላ ግን ማን ይተካዋል?

እኔ በበኩሌ በስብሰባው ላይ ያነሣሁትን እጅ መልሻለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ትቆይ ብዬ እጄን ለማንሣት ተዘጋጅቻለሁና፥ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ከእኔ ጋር እንድታነሡ በትሕትና እጠይቃለሁ።